ምን ጠየቁሽ?

ሐምሌ 19 ቀን ነው፤ የቂርቆስ ንግሥ። ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ተበትኗል፤ ዝናቡ ግን አልተበተነም። ከደብሩ ብዙም ሳንርቅ አንዲት ጠባብ ቡና ቤት ገብተን ሦስት ሆነን ተቀምጠናል። አንዱ በጡረታ የተገለሉ የአማርኛ መምህር ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋል፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ጠመኔ ይዘዋል። ሁለተኛዋ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለች ያስተማሯት ልጅ ናት። አሁን አውሮፓ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ አማርኛና የኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ ታስተምራለች፤ ለእረፍት መጥታ ነው። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ ጃንጥላ ያዥና አድማጭ።

እንግዳችን ከመጣች ሁለት ሳምንት ሆኗታል። በነዚህ ሁለት ሳምንታት ያገኛት ሰው ሁሉ የጠየቃት ያንኑ ነው፦ ዩሮ ስንት ገባ? ደመወዝሽ ስንት ነው? ጠቅልለሽ የምትመጪው መቼ ነው? ጋሼ ግን የታዘዘው ማኪያቶ ሳይደርስ ሌላ ጥያቄ ይዘው መጡ። ከዚያ በኋላ የተባባሉትን፣ የማስታውሰውን ያህል፣ እንዲህ አስቀምጬዋለሁ።

ጋሼ፦ እስቲ ንገሪኝ፤ እዚያ ምን ጠየቁሽ?

መምህርት፦ እነማን ጋሼ?

ጋሼ፦ ተማሪዎችሽ ናቸዋ! ምን እንዳስተማርሻቸው አውቃለሁ፤ እኔ ያስተማርኩሽን ነው። ምን እንደጠየቁሽ ነው የማላውቀው።

መምህርት፦ (እየሳቀች) እንግዲያው ከመጀመሪያው ልጀምርልዎ። ማስተማር በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ግሥ ላስረባ ሰሌዳው ላይ «ራበኝ፣ ራበህ፣ ራበሽ፣ ራበው» ብዬ ጻፍኩ። አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «የዚህ ዐረፍተ ነገር ባለቤት ማን ነው?» አለች። «እኔ» ልላት አፌን ከፍቼ ቀረሁ። «እኔ» አይደለማ! «እኔ» ተሳቢ ነኝ። ባለቤቱ «እሱ» ነው። እሱ ማን ነው?

ጋሼ፦ ረሃቡ ነዋ።

መምህርት፦ እንደዚያ ብዬ መለስኩላት። «ታዲያ በእናንተ ቋንቋ ረሃብ ሰው ላይ የሚመጣ ነገር ነው?» አለችኝ። ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ደከመኝ፣ አመመኝ፣ ጨነቀኝ እያልን ሰሌዳውን ሞላነው። ሁሉም ያው ነው፤ ነገሩ አድራጊ፣ ሰውየው ተቀባይ። መጨረሻ ላይ «ናፈቀኝ» ደረሰ። «እናቴ ናፈቀችኝ»። በናፍቆት የምንገበገበው እኔ፣ የግሡ ባለቤት ግን እናቴ። አዲስ አበባ ተቀምጣ እዚያ ድረስ ግሥ የምታንቀሳቅሰው እሷ ናት። «አገሬ ናፈቀችኝ» ስንልም ድርጊቱን የፈጸመችው አገሪቱ መሆኗ ነው። ይህን ቃል አፌን ከፈታሁ ጀምሮ እናገረዋለሁ፤ አይቼው ግን አላውቅም ነበር።

ጋሼ፦ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሳስተምር እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ልጅ የለም። አንቺንም ጨምሮ።

መምህርት፦ እኔማ ምን ብዬ ልጠይቅ? አውቀዋለሁ ብዬ እኮ ነው።

ጋሼ፦ እሱ ነው የኛ በሽታ። አንቺ እዚያ ሄደሽ ያገኘሽው እንግዲህ የማያውቅ ሰው ነው። የማያውቅ ሰው ደግሞ ለመምህር ሲሳይ ነው። ቀጥዪ፤ ሌላስ?

መምህርት፦ ሌላውን እንኳ ባልነግርዎ ይሻለኛል፤ አፍሬበታለሁ። አንድ ቀን የአዲስ አበባን ካርታ ዘርግቼ «የተወለድኩት እዚህ ነው፤ ካዛንቺስ ይባላል» አልኳቸው። አንድ ጣሊያናዊ ተማሪ ነበረኝ፤ ስሙን ሁለት ሦስት ጊዜ ለብቻው አልጎመጎመና ሳቀ። «መምህርት፣ ይሄ እኮ የኛ ቃል ነው። ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለኝ። ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ አላውቅም ነበር። ተወልጄ ያደግኩበትን ሰፈር ስም ትርጉም ለተማሪዬ «አላውቅም» አልኩት።

ጋሼ፦ እኔ እነግርሽ ነበር እኮ! «ካዜ» በጣሊያንኛ ቤቶች ማለት ነው። «ኢንቺስ» ደግሞ የአንድ ድርጅት ስም ምህጻር ነው፤ የመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራ ብሔራዊ ተቋም። በወረራው አምስት ዓመት ለጣሊያን ሹማምንትና ሠራተኞች መኖሪያ ሠሩና «ካዜ ኢንቺስ» አሉት። እነሱ በ1933 ሄዱ፤ ሕዝቡ ስሙን አኝኮ ካዛንቺስ አደረገው። ከዚህ ወደ ደብረ ዘይት መንገድ ስትሄጂ ፖፖላሬ የሚባል ሰፈር አለ አይደል? እሱም «ካዛ ፖፖላሬ» ነው፤ የተራው ሕዝብ ቤት። ልብ በይ ታዲያ፤ «ሠራተኛ»ም «ሕዝብ»ም የተባለው የራሳቸው ሰው ነው። የኛ ሰው ከዚያ ሒሳብ ውስጥ አልነበረም።

መምህርት፦ ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገሩንም?

ጋሼ፦ ለምን አልጠየቃችሁኝም? (ሁለቱም ሳቁ።) ደግሞም የአማርኛ ፈተና ላይ አይመጣም ነበር።

መምህርት፦ ይኸውልዎ፣ ከዚያ ወዲህ ስሞችን እንዲሁ አላልፍም። አሁን የተቀመጥንበትን ቂርቆስን ይውሰዱ። ይሄም የኛ ቃል አይደለም፤ ከግሪክ በግዕዝ በኩል የመጣ የቅዱስ ስም ነው። የሦስት ዓመት ሕፃን፤ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር ከአገሩ ተሰዶ በሄደበት ተይዞ መኰንኑ ፊት የቀረበ። ዛሬ የምናከብረው ገብርኤል ከፈላው ውሃ ያወጣቸውን ቀን ነው። ገድሉ ላይ እናትየዋ ስትፈራ የሚያጽናናት ሕፃኑ ነው። በሰው አገር ቆሞ የሚናገረው እሱ ነው።

ጋሼ፦ በሰው አገር ያስተማረ የመጀመሪያው ልጅ በይው።

መምህርት፦ (እየሳቀች) እንግዲህ ሁለቱም ስሞች እንግዶች ናቸው። ቂርቆስ በመጽሐፍ መጣ፤ ካዛንቺስ ከጦር ጋር መጣ። እኛ ሁለቱንም አላመድናቸው። ለተማሪዎቼ ስለ አዲስ አበባ ስነግር አሁን ከነዚህ ሁለት ስሞች ነው የምጀምረው።

ጋሼ፦ ቆይ፣ «ከጦር ጋር» ያልሽውን አላልፈውም። የጣሊያን ነገር ከተነሣ የዘጌውን ሰው ሳታነሺ ልትሄጂ ነው?

መምህርት፦ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን?

ጋሼ፦ ሌላ ማንን። በሰው አገር ያስተማረ የአማርኛ መምህር ከተባለ አለቃው እሱ ነው። ጉድም ከተባለ እሱ ነው።

መምህርት፦ በየዓመቱ አስተምረዋለሁ፤ በየዓመቱም እጨነቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1868 ዘጌ ተወለደ፤ መቅደላ በተሰበረበት ዓመት። ሥዕል ሊማር ጣሊያን ቱሪን ሄደ። ከ1902 ጀምሮ ደግሞ ኔፕልስ በሚገኘው የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ አስተማሪ ሆነ። ማስተማሪያ አልነበረውም፤ ስለዚህ ራሱ ጻፈው። በ1905 የአማርኛ ሰዋስው በጣሊያንኛ አሳተመ። በ1908 ለመንገደኛ የሚሆን የፈረንሳይኛና የአማርኛ መነጋገሪያ መጽሐፍ አወጣ፤ እሱ መጽሐፍ እንግዲህ ምልልስ ነው ጋሼ፣ እንደኛ እንደ አሁኑ።

ጋሼ፦ አውቀዋለሁ። ፈረንጅ «ውሃ ስጠኝ፣ መንገዱ በየት ነው» ይማርበታል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ሰውየው የአገሩን ጉድ ያወጣበት። ወታደሩ ገበሬውን እንዴት እንደሚዘርፈው፣ ሹሙ እንዴት እንደሚበላ።

መምህርት፦ እሱ ነው የገረመኝ! የቋንቋ መለማመጃ ብሎ ጀምሮ አገሩን ይወቅሳል። እዚያው 1908 ላይ ደግሞ ሮም ውስጥ «ልብ ወለድ ታሪክ» ታተመ፤ በኋላ «ጦቢያ» የተባለው። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የምንለው። ቃሉን ራሱን ያገኘነው ከዚያ ርእስ ነው። አንዱ ተማሪዬ «ልብ እንዴት ይወልዳል?» ብሎኛል። እኔም «መምህሩ ከአገሩ ሲርቅ ይወልዳል» አልኩት።

ጋሼ፦ አሳምረሽ መልሰሻል፤ ግን አላመንኩሽም።

መምህርት፦ ለምን?

ጋሼ፦ ማን ነበር የሚማረው? ጣሊያን ኤርትራን ይዛለች፤ በዓድዋ ከተሸነፈች ገና ጥቂት ዓመቷ ነው። አማርኛ የሚማር ሁሉ ለቅኔ ብሎ ነው የሚማረው? ቋንቋህን የሚማር ሁሉ ወዳጅህ አይደለም ልጄ። መዝገበ ቃላት ለመንገደኛም ለወታደርም እኩል ይከፈታል። የዚያ መምህር መጨረሻ ደግሞ ምን ሆነ? ጣሊያን በእኛ አቆጣጠር በ1928 ስትገባ አብሯት ቆመ፤ «አፈ ቄሳር» ተባለ። ነፃነት ሲመለስ ጅማ ተግዞ እዚያው ሞተ። ካዛንቺስን የሠሩትና እሱን የሾሙት አንድ ናቸው። ይሄንን ለተማሪዎችሽ ትነግሪያቸዋለሽ ወይስ ልብ ወለዱን ብቻ ነው?

መምህርት፦ እነግራቸዋለሁ። በመጀመሪያው ዓመት አልነገርኳቸውም ነበር፤ እውነቱን ላውጣ። የኛን የመጀመሪያ ደራሲ በፈረንጅ ፊት ባንዳ ማለት ከበደኝ። አንዷ ተማሪ ራሷ አንብባ መጣችና «ይሄን ለምን አልነገርሽንም?» አለች። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉንና ሰውየውን አንድ ቀን ላይ ነው የማስተምረው። መጽሐፉን ለማዳን ሰውየውን አልደብቅም፤ ሰውየውን ለመቅጣት ደግሞ መጽሐፉን አልቀድድም።

ጋሼ፦ እንደሱ ከሆነ ጥሩ።

መምህርት፦ ግን ጋሼ፣ የእርስዎን ክርክር እስከ መጨረሻው ከወሰድነው ማንም በሰው አገር አያስተምር ማለት ይሆናል። አባ ጎርጎርዮስንስ ምን ሊሉ ነው?

ጋሼ፦ የመካነ ሥላሴውን? እሱን አልነካም።

መምህርት፦ የአምሐራው መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ኋላ ባለው የኢትዮጵያውያን ማረፊያ በቅዱስ እስጢፋኖስ፣ ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ጀርመናዊ ወጣት አገኙ። በ1652 ደግሞ ሉዶልፍ ወዳለበት ወደ ጎታ ተጠርተው ሄዱ። ፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ውስጥ ወራት ተቀመጡ። እዚያ ምን እንደሆነ ያውቃሉ? ተጠየቁ! መስፍኑ ኤርንስት ስለ ሃይማኖታቸው ጠየቃቸው፤ ሉዶልፍ ስለ ቋንቋው፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ተራራው፣ ስለ ንጉሡ ጠየቃቸው። መልሳቸው ተጻፈ። ከዚያ ምንጭ ነው በ1681 የኢትዮጵያ ታሪክ የታተመው፤ በ1698 ደግሞ የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት። ሉዶልፍ አገራችንን አንድም ቀን አልረገጠም። የረገጠው የአባ ጎርጎርዮስን ንግግር ነው።

ጋሼ፦ አባም መጽሐፉን አላዩትም።

መምህርት፦ አላዩትም። በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲሉ መርከባቸው ተሰብሮ ሰጠሙ። እኔን የሚያሳዝነኝ መስጠማቸው ብቻ አይደለም። የተጠየቁት ሁሉ አብሯቸው ሰጠመ። መልሳቸውን እነሉዶልፍ ጽፈው አስቀሩት፤ ጥያቄዎቹን ይዘው ጎንደር ቢገቡ ኖሮ ግን የኛ ሊቃውንት ምን ይሉ እንደነበር ያስቡት። «የዚህ ግሥ ባለቤት ማን ነው? ለምን ሦስት ሀ ኖረን?» ብሎ የሚጠይቅ መነኩሴ!

ጋሼ፦ (ስኒያቸውን አስቀምጠው) ይቺን አላሰብኳትም ነበር። ታዲያ ጥያቄውን ይዞ የተመለሰ የለም?

መምህርት፦ አለቃ ታየ ገብረ ማርያም አሉ። የቤጌምድር ሰው፤ እ.ኤ.አ. ከ1905 እስከ 1908 በርሊን አማርኛና ግዕዝ አስተማሩ። እሳቸው የሄዱት በአጤ ምኒልክ ዕውቅና ነው፤ እዚያም የአገራችንን የብራና መጻሕፍት ሲፈልጉና ሲያዩ ነበር። ተመለሱና የኢትዮጵያን ሕዝብ ታሪክ ጻፉ፤ በ1922 አሥመራ ታተመ።

ጋሼ፦ ተመልሰው ምን ገጠማቸው? በሃይማኖት ተከሰሱ፤ ሊቃውንት ፊት ቀርበው ተከራከሩ። ነቢይ በአገሩ አይከበርም። አየሽ፣ ጥያቄ ይዞ መመለስም ዋጋ አለው። እኛ ከውጭ ለሚመጣ ሰው ሻንጣውን እንጂ ጥያቄውን አንወድለትም።

መምህርት፦ መመለስ የማይቻልበትም ጊዜ አለ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን ያስቡ።

ጋሼ፦ የሸንኮራው ልጅ! ነፍሱን ይማር።

መምህርት፦ ካይሮ ተማሩ፤ ጀርመን ቱቢንገን ዶክትሬታቸውን ሠሩ፤ ተመልሰው እዚሁ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1975 ቤታቸው ድረስ በሄዱ ወታደሮች ተመቱና ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ። ለሕክምና ለንደን ሄዱ፤ ከዚያ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል የሚባል መንደር ውስጥ ያለ የቤኔዲክት መነኮሳት ዩኒቨርሲቲ ገቡ። እዚያ ከ9,000 በላይ የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ይቀመጥ ነበር። በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው በሺህ የሚቆጠሩትን አንድ በአንድ አንብበው፣ የማን ድርሰት እንደሆነ፣ በማን ዘመን እንደተጻፈ ለይተው ካታሎግ አወጡ። በ1988 የማካርተር ሽልማት ተሰጣቸው። በ2021 እስኪያርፉ ድረስ ሥራቸው ይኸው ነበር።

ጋሼ፦ እሱን ሳስብ አንድ ነገር ያናድደኛል። እዚህ አገር ያለ ብራና ምን እንደያዘ ለማወቅ ሚኒሶታ መጻፍ ነበረብን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

መምህርት፦ ጋሼ፣ ላሟ ሰማይ አልሄደችም። ዋናዎቹ ብራናዎች በየደብሩና በየገዳሙ ነው የቀሩት፤ የሄደው ፎቷቸው ነው። ከመቅደላ የተወሰዱት የተለዩ ናቸው፤ ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ወደ 350 የሚሆኑ አሉ፣ እነሱ ራሳቸው ላሞቹ ናቸው። ለነሱ ይናደዱ፤ አብሬዎት እናደዳለሁ። የኮሌጅቪሉ ግን ወተት ነው። ዛሬ ደግሞ ብዙው በኢንተርኔት ይታያል። ይሄው በዚህ ስልኬ፣ እዚህ ቡና ቤት ተቀምጬ፣ አንዱን ገጽ ላሳይዎ እችላለሁ።

(ስልኳን አወጣች። የመጣው ገጽ በሁለት ዓምድ የተጻፈ ነው፤ የቅዱሳኑ ስም በቀይ፣ ሌላው በጥቁር። ጥጉ ላይ ሰም የተንጠባጠበበት ቦታ አለ። ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አቀረቡ። ጣታቸው በመስተዋቱ ላይ መስመር ለመከተል ሲሞክር ገጹ እየተንሸራተተ አስቸገራቸው። ሦስት መስመር ያህል በንባብ ስልት አነበቡ። ቡና አፍይዋ ልጅ ጀበናዋን እንደያዘች ቆማ አዳመጠች።)

ጋሼ፦ ሰሙ የማን ይሆን? ሌሊት ጧፍ ይዞ ያነበበ አንድ ዲያቆን ነው።

መምህርት፦ አዩ! ጠየቁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ካታሎግ ውስጥ የለም። ተማሪዎቼ የቀለሙን ስሪት ይጠይቁኛል፣ የፊደሉን ቅርፅ ይጠይቁኛል፤ ስለ ሰሙ የጠየቀኝ ግን የለም። ጧፍ የያዘ ሰው ነው ይሄን የሚጠይቅ።

ጋሼ፦ ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ማለት ይሄ ነዋ።

መምህርት፦ ግማሹ እሱ ነው። ግማሹ ግን አይደለም። «ራበኝ»ን ያገሩ በሬ ሳያየው ኖሯል። እኔ የምለው ሁለቱ ዓይን ያስፈልጋል ነው። አገር ውስጥ ያደገ ዓይን ሰሙን ያያል፤ ባዕድ ዓይን ባለቤቱን ይጠይቃል። በሰው አገር የሚያስተምር ሰው ዕድሉ ሁለቱንም መያዙ ነው።

ጋሼ፦ እንግዲያው ወደዚህም የመጣ አለ በይ። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1956 ከእናቱ ከሲልቪያ ጋር መጥቶ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አስተማረ፤ በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲቆም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነ። እኛ «ይሄማ ምን ታሪክ አለው» የምንለውን ነበር የሚጽፈው፤ የዋጋ ታሪክ፣ የመንገድ ታሪክ፣ የበሽታ ታሪክ። ባዕድ ስለነበር ሁሉ ነገር ያስገርመዋል።

መምህርት፦ ይሄን እኮ ነው የምለው! እሱም በሰው አገር ነው ያስተማረው፤ የሱ ሰው አገር የኛ አገር ሆነ እንጂ። አሁን እኔ ልጠይቅዎ። ካዛንቺስን ይንገሩኝ። ትናንት ሄጄ ቤታችን የነበረበትን አጣሁት።

ጋሼ፦ (ጥቂት ዝም ብለው) በእኛ አቆጣጠር በ2017 የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ ብዙው ሰው ወጣ። እኔም ገላን ጉራ ነኝ፤ ለዛሬው ንግሥ ሁለት ታክሲ ይዤ ነው የመጣሁት። ቤቱ አዲስ ነው፤ ጭቃ የለውም። የሚያስለቅስ ነገር አላወራሽም። የምነግርሽ ሌላ ነው። የኛ ቤት ጣሊያኖቹ ከሠሯቸው ቪላዎች አንዱ አልነበረም፤ ከቪላዎቹ ጀርባ የተለጠፈ የጭቃ ቤት ነበር። ግንቦት 1955 የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። የአፍሪካ መሪዎች ለድርጅቱ ምሥረታ አፍሪካ አዳራሽ ሲሰበሰቡ፣ እኛ ከመንገዱ ዳር ቆመን ባንዲራ እንቆጥር ነበር። 32 አገሮች ፈረሙ ሲባል፣ ሁላችንም የቆጠርነው ከዚያ ይበልጥ ነበር ብለን ተከራከርን። የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል ያየሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ስለ አፍሪካ ነፃነት የሠራውን።

መምህርት፦ ሌላው አፈወርቅ! ተማሪዎቼ ሁለቱን ያምታቷቸዋል። ሁለቱም ሥዕል ውጭ አገር የተማሩ ናቸውና።

ጋሼ፦ አንዱ ኔፕልስ ላይ ቃል ጻፈ፤ አንዱ ካዛንቺስ ጥግ መስታወት ሠራ። ማምታታታቸው አይገርምም። ማታ ማታ ደግሞ አዝማሪ ቤቶቹ ነበሩ። እኔ ሰምና ወርቅ የተማርኩት ቅኔ ቤት አይደለም። ጠጅ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ ነው። አዝማሪው አንዱን ሰውዬ ሲያሞግሰው ሰውየው ይሸልመዋል፤ የቀረው ቤት ይስቃል። ሰውየው ለምን እንደተሳቀ የሚገባው ማግሥቱን ነው። ይሄን እኔ ክፍል ውስጥ አስተምሬው አላውቅም፤ አሳፋሪ መስሎኝ።

መምህርት፦ ጋሼ! ይሄን እኮ ነው የምፈልገው። እኔ ሰምና ወርቅን የማስተምረው በሰንጠረዥ ነው፤ ሰም በግራ፣ ወርቅ በቀኝ። ማግሥቱን የሚገባው ሰውዬ በሰንጠረዥ አይገባም።

ጋሼ፦ ታዲያ ጻፊው።

መምህርት፦ እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ እጽፋለሁ። እንዲያውም ስልኬ ላይ ልቅዳዎት። ለምን ማታ እንደሚሄዱ፣ ማን ቤት፣ በስንት ሰዓት፣ ጠጁ በምን እንደሚቀዳ፣ አዝማሪው የት እንደሚቆም። ሁሉንም እጠይቅዎታለሁ። ተማሪዎቼ እንደሚጠይቁኝ ነው የምጠይቅዎ፤ ምንም እንደማላውቅ ሆኜ።

ጋሼ፦ ሆነሽ ሳይሆን እውነት አታውቂም።

መምህርት፦ እውነት አላውቅም።

ጋሼ፦ እንግዲያው ዛሬ አማርኛ መማር ጀመርሽ። ልጄ፣ ሌላ ቡና ድገሚን። ጥያቄ በባዶ ሆድ አይሆንም።

(ቡና አፍይዋ ልጅ ቡናውን ስትቀዳ ዝቅ ብላ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ቅድም ያሉት ነገር... ካዛንቺስ ማለት እውነት የጣሊያን ቃል ነው?» አለች። ጋሼ ወደ ተማሪያቸው ዞረው በዓይናቸው ብቻ ሳቁ። ከዚያ ወንበር ሳቡላት።)

ከዚህ በኋላ ያለው ሁለት ሰዓት በመምህርቷ ስልክ ተቀድቷል፤ የሷ ንብረት ስለሆነ አልነካውም። ዝናቡ ያባራው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ጋሼን ገላን ጉራ ድረስ የሚወስዳቸው ታክሲ ወዳለበት ሸኘናቸው።

ለእናንተ ግን አንድ ነገር ልበል። ይህ ክረምት ነው፤ በየቤቱ ከውጭ የመጣ ዘመድ አለ። ያስተምር፣ ታክሲ ይንዳ፣ ሆስፒታል ይሥራ፣ የሰው አገር ሰው ስለ አገራችን ሳይጠይቀው የሚውልበት ቀን የለም። ስታገኙት ምንዛሪውን መጠየቃችሁ አይቀርም፤ ጠይቁት። እሱን ከጨረሳችሁ በኋላ ግን «እዚያ ምን ጠየቁህ?» በሉት። መልሱን ካላወቀው ደግሞ ወደ ሰፈራችሁ ጋሼ ዘንድ አብራችሁት ሂዱ፤ ዛሬውኑ ሂዱ።